የባንክ ካርድ ይዞ ባሕር ስለ መሻገር
(የማይታየውን ክፍያ ለይቶ ማወቅና ማስቀረት)

የትምህርቱ ዓመት ሊፈጸም ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ በአሜሪካ ከምንማረው ተማሪዎች መካከል ከፊሎቹ በዕረፍቱ ጊዜ ወደ አውሮፓ ሊሻገሩ፣ ከፊሎቹም ወደ አገራቸው ገብተው ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ በመሰናዳት ላይ ይገኛሉ። አብዛኞቻችን ለዚህ መንገድ የምንይዘው ገንዘብ በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ተቀምጠን፣ በተማሪዎች ምግብ ቤትም ሳሕን አጥበን በሰዓት ሒሳብ ያጠራቀምነው ነው። ይኸው ገንዘብ የሚያልቀው በአውሮፕላንና በምግብ ብቻ አይምሰለን። የአሜሪካ ባንክ የሰጠንን ካርድ በሌላ አገር ባወጣን ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ የሚቆርጡ ብዙ እጆች አሉ። የሚቆርጡትም ሳንቲም በሳንቲም ስለ ሆነ የወሩ የሒሳብ መግለጫ እስኪመጣ ድረስ አይታወቅም፤ ከመጣም በኋላ ብዙ ሰው አይመረምረውም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ምክንያት ይኸው ነው። አሳባችን ባጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። በውጭ አገር ካርድ ስንጠቀም የምንከፍለው ነገር አንድ ሳይሆን አራት ነው፤ እያንዳንዱም የተለየ ባለቤት አለው። የመጀመሪያውን ልናስቀረው አንችልም፤ ደግነቱ ትንሽ ነው። ሁለቱን አስቀድመን በመሰናዳት ልናስቀራቸው ወይም ልናሳንሳቸው እንችላለን። አራተኛውን ግን በመክፈያው ፊት ቆመን እንቢ በማለት ብቻ እናስቀረዋለን። ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ በአራተኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚቀርበው ክፍያ መስሎ ሳይሆን ደግነት መስሎ ነውና።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

አንድ ተማሪ በሮማ ከተማ ከአንድ መጻሕፍት ቤት 40 ዩሮ የሚያወጣ መጽሐፍ ገዛ እንበል። ሻጩ ካርዱን በመክፈያ መኪናው ላይ ሲያስነካው ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ ሻጩ ባንክ ይሄዳል፤ ከዚያም በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መረብ ያልፋል፤ በመጨረሻም ካርዱን ወደ ሰጠው የአሜሪካ ባንክ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ነው። ሻጩ የሚፈልገው ዩሮ ነው፤ የተማሪው ሒሳብ ግን በዶላር የተቀመጠ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ዶላሩ ወደ ዩሮ መመንዘር አለበት። እንግዲህ ጠቅላላው ነገር የሚያርፈው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። የሚመነዝረው ማን ነው? የሚመነዝረውስ በስንት ተመን ነው?

አራቱ ክፍያዎች

1ኛ/ የካርዱ መረብ ተመን። ቪዛና ማስተርካርድ በየቀኑ የራሳቸውን የምንዛሪ ተመን ያወጣሉ። ይህ ተመን ትልልቆቹ ባንኮች እርስ በርሳቸው ከሚገበያዩበት ተመን እምብዛም አይርቅም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ካሉት የገንዘብ መንዛሪዎች ተመን ጋር ሲነጻጸርም አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የተሻለ ነው። ሁለቱም ድርጅቶች ተመናቸውን በድረ ገጻቸው ላይ ስለሚያወጡ ማንም ሰው ሊያመሳክር ይችላል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ተመኑ የሚታሰበው ሒሳቡ በተመዘገበበት ቀን ሊሆን ስለሚችል ዕቃው ከተገዛበት ቀን ተመን ጥቂት ሊለይ ይችላል።

2ኛ/ የባንካችን የውጭ አገር ግብይት ክፍያ። ይህ በእንግሊዝኛ ፎሪን ትራንዛክሽን ፊ የሚባለው ነው። በአሜሪካ ብዙ ባንኮች እስከ 3 ከመቶ ድረስ ያስከፍላሉ። ከዚህ ውስጥ 1 ከመቶ ያህሉ የካርዱ መረብ ከባንኩ የሚጠይቀው ሲሆን፣ የቀረው ባንኩ ለራሱ የሚጨምረው ነው። ይህን ክፍያ ለማስከፈል ከአገር መውጣት እንኳ አያስፈልግም። አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ ለእንግሊዝ ወይም ለካናዳ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ገንዘብ በካርድ ቢከፍል፣ ገንዘብ ተቀባዩ በውጭ አገር ያለ ስለ ሆነ ክፍያው ሊደርስበት ይችላል።

3ኛ/ ጥሬ ገንዘብ የማውጫ ክፍያ። ከኤቲኤም ገንዘብ ስናወጣ ሁለት ጊዜ ልንከፍል እንችላለን። የራሳችን ባንክ የእርሱ ካልሆነ መኪና በመውሰዳችን ለአንድ ጊዜ እስከ 5 ዶላር ድረስ የሚቆርጥበት አለ፤ የመኪናው ባለቤትም የራሱን ይጨምራል። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትማ ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ እንደ ብድር ስለሚቆጠር የተለየ ክፍያ አለው፤ ወለዱም እንደ ዕቃ ግዢ የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ በዴቢት ካርድ እንጂ በክሬዲት ካርድ ማውጣት አይገባም።

4ኛ/ በመክፈያው ላይ የሚቀርበው «የደግነት» ምንዛሪ። መኪናው ካርዱ የአሜሪካ መሆኑን ስለሚያውቅ «በዩሮ ልትከፍል ትፈልጋለህን ወይስ በዶላር?» ሲል ይጠይቃል። ዶላር ለለመደ ሰው በዶላር መክፈል የሚቀልለው ይመስላል፤ የሚከፍለውንም ልክ ወዲያው ያያል። ነገር ግን ዶላርን የመረጠ ሰው የምንዛሪውን ሥራ ከካርዱ መረብ ወስዶ ለሻጩና ለሻጩ ባንክ አገልጋዮች ሰጠ ማለት ነው። እነርሱም በተመኑ ላይ የፈቀዱትን ጭማሪ ያክሉበታል፤ ትርፉንም ይካፈሉታል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ሒሳቡ በዶላር ቢደርስም እንኳ ሻጩ በውጭ አገር የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ብዙ የአሜሪካ ባንኮች ሁለተኛውን ክፍያ ከማስከፈል አይመለሱም። ሰውየው ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት ማለት ነው።

በምሳሌ ሲታይ

ስሌቱ እንዲቀል አንድ ዩሮ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያወጣል እንበል። እንግዲህ የ40 ዩሮው መጽሐፍ ዋጋው 44 ዶላር ነው።

የውጭ አገር ክፍያ የሌለበት ካርድ የያዘና በዩሮ መክፈልን የመረጠ ተማሪ 44 ዶላር ይከፍላል።

3 ከመቶ የሚያስከፍል ካርድ የያዘና በዩሮ መክፈልን የመረጠ 45 ዶላር ከ32 ሳንቲም ይከፍላል።

ይህንኑ ካርድ ይዞ በዶላር መክፈልን የመረጠስ? ጭማሪው 6 ከመቶ ነው ብንል ዋጋው መጀመሪያ 46 ዶላር ከ64 ሳንቲም ይሆናል፤ ባንኩም በዚያ ላይ 3 ከመቶውን ሲያክልበት 48 ዶላር ከ4 ሳንቲም ይደርሳል። መጽሐፉ አንድ፣ ሻጩም አንድ ነው፤ በሦስቱ ተማሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን 4 ዶላር ከ4 ሳንቲም ነው። ይህም ከመጽሐፉ ዋጋ ከመቶ 9 እጅ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ኤቲኤም እንምጣ። ባንኩ በእያንዳንዱ ጊዜ 5 ዶላር፣ የመኪናውም ባለቤት 4 ዩሮ ማለት 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም የሚወስዱ ከሆነ፣ ለአንድ ጊዜ 9 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይከፈላል። ገንዘቡ እንዳይጠፋበት የሚፈራ ተማሪ ሃያ ሃያ ዩሮ እያደረገ አምስት ጊዜ ቢያወጣ፣ ከ3 ከመቶው ጋር ተደምሮ 50 ዶላር ከ30 ሳንቲም ለክፍያ ብቻ ያወጣል። ጓደኛው መቶውን ዩሮ በአንድ ጊዜ ቢያወጣ ክፍያው 12 ዶላር ከ70 ሳንቲም ብቻ ነው። ሁለቱም የያዙት 100 ዩሮ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ለእያንዳንዱ 22 ዶላር ከ10 ዶላር በላይ ከፍሎበታል።

ይህ ስሌት አንድ ቁም ነገር ያሳየናል። በቁጥር የተወሰነ ክፍያ ለሁሉ እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም። ብዙ ገንዘብ ለሚያወጣ ነጋዴ 9 ዶላር ምንም አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት ለሚያወጣ ተማሪ ግን ከገንዘቡ ግማሽ ሊደርስ ምንም ያህል አይቀረውም። ስለዚህ ከፍ ያለውን ዋጋ የሚከፍለው ጥቂት ያለው ሰው ነው።

ክፍያው የተፈጥሮ ሕግ አይደለም

ምናልባት «ባንክ ያገለገለበትን ቢቀበል ምን ነውር አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ለአገልግሎት ዋጋ መቀበል ነውር አይደለም። የሚያከራክረው ዋጋው ተሰውሮ መገኘቱ ነው።

በዚህ ነገር ላይ በአሜሪካ ትልቅ ክርክር ተደርጎ ነበር። የውጭ አገሩ ክፍያ ለብዙ ጊዜ በምንዛሪው ተመን ውስጥ ተሸሽጎ ይኖር ስለ ነበረ፣ ደንበኞቹ የሚከፍሉትን ለይተው የሚያዩበት መንገድ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ካርድ ያዦች ቪዛን፣ ማስተርካርድንና ብዙ ባንኮችን በአንድነት ከሰሱ። ተከሳሾቹም እ.ኤ.አ. በ2006 ክርክሩን በስምምነት ለመዝጋት 336 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ዛሬ በሒሳብ መግለጫችን ላይ ክፍያው ለብቻው ተጽፎ ብናየው፣ ሰዎች ስለ ጠየቁ የመጣ ለውጥ መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም።

በአውሮፓም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ በኅብረቱ ውስጥ ከአንድ አገር ወደ ሌላው በዩሮ በካርድ ለሚደረግ ክፍያ በአገር ውስጥ ከሚከፈለው የበለጠ ማስከፈል ተከልክሎአል። በበርሊን የሚማር ወንድማችን በጀርመን ካርዱ በሮማ በዩሮ ቢገዛ የውጭ አገር ክፍያ የማይደርስበት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ፕራግ ወይም ወደ ቡዳፔስት ከተሻገረ ግን ገንዘቡ ሌላ ስለ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ፣ በመክፈያው ላይ ምንዛሪ የሚያቀርቡት ሁሉ ጭማሪያቸው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት ከመቶ እንደሚበልጥ አስቀድመው እንዲያሳዩ ያስገድዳል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎአል። ከዚህ የምንማረው ክፍያው እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ ነገር አለመሆኑን ነው። ሰው ያወጣው ነው፤ ሰውም ሊያሻሽለው ይችላል።

ወደ አገራችን ለምንገባው

አዲስ አበባ ላይ ቪዛና ማስተርካርድ የሚቀበሉ ኤቲኤሞች አሉ፤ ገንዘቡን የሚሰጡት በብር ነው። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚያወጡት የብር ልክ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ደጋግሞ ማውጣት ይኖርበታል። ከላይ እንዳየነው ደግሞ በየጊዜው የሚቆረጠው ክፍያ የሚጎዳው ደጋግሞ የሚያወጣውን ነው። እንግዲህ በየጊዜው ክፍያ የማይጠይቅ ካርድ ከየትኛውም አገር ይልቅ የሚጠቅመን በገዛ አገራችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ተመኑንም በሚመለከት ባለፈው ጊዜ የምናውቀውን ቁጥር ይዘን እንዳንሄድ ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ ወዲህ፣ አስቀድሞ 57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኖአል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባንኮቹ የየራሳቸውን ተመን ስለሚያወጡ፣ ጥሬ ዶላር ይዞ የሚገባ ሰው ወደ አንዱ ባንክ ከመግባቱ በፊት የሁለት የሦስቱን ተመን ቢያነጻጽር ይጠቀማል። ከተወሰነው ልክ በላይ የሆነ የውጭ ገንዘብ የያዘ ደግሞ ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት፤ የባንኩንም ደረሰኝ ሊያስቀምጥ ይገባዋል። ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚሄድም ሰው ብሩን ከከተማ ይዞ መነሣት ይሻለዋል።

ምን እናድርግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ሁሉ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከመነሣት በፊት ነው።

ሀ/ ከጉዞው አንድ ወር አስቀድመን የያዝነውን ካርድ ውል እናንብብ። በክሬዲት ካርድ ውል ላይ ክፍያዎቹ ሁሉ በሠንጠረዥ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ከነዚያ መካከል ፎሪን ትራንዛክሽን የሚለውን መስመር ፈልገን ቁጥሩን እንይ። ለዴቢት ካርድ የባንኩን የክፍያ ዝርዝር እንጠይቅ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። በግዢ ላይ ስንት ከመቶ ነው? ከውጭ ኤቲኤም ለአንድ ጊዜ ስንት ነው? በውጭ አገር ያለክፍያ የምንጠቀምበት የተዋዋላችሁት ባንክ አለን?

ለ/ መልሱ የማያስደስት ከሆነ ሌላ ካርድ እንፈልግ። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ በካርዶቹ ላይ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ አያስከፍልም። ቻርልስ ሽዋብ ደግሞ በዴቢት ካርዱ ገንዘብ ያወጣ ደንበኛ ለኤቲኤም ባለቤት የከፈለውን ይመልስለታል። የብድር ታሪክ ለሌለው አዲስ ተማሪ ክሬዲት ካርድ ማግኘት አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል ከዴቢት ካርድ መጀመር ይቀላል። ውል ግን ሊለወጥ ስለሚችል ከመፈረም በፊት የዕለቱን ውል ማንበብ የግድ ነው።

ሐ/ ከአገር ቤት በዶላር የተሞላ ካርድ ይዞ የሚመጣ አዲስ ተማሪ ካርዱን በአሜሪካ ቢጠቀምበት የምንዛሪ ነገር አያሳስበውም። በካርዱ ዩሮ በሚከፈልበት አገር ከገዛ ግን ምንዛሪ መኖሩን ይወቅ። በአንድ አገር ለዓመታት ለመማር የሄደ ሁሉ በዚያው አገር ባንክ ሒሳብ ቢከፍት ከሁሉ የተሻለ ነው።

መ/ በመንገድ ላይ ሳለን ጥሬ ገንዘብ ስናወጣ ለጥቂት ቀናት የሚበቃንን በአንድ ጊዜ እናውጣ። በባንክ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የተተከለውን መኪና እንምረጥ፤ በአውሮፕላን ማረፊያና በቱሪስት አደባባይ ብቻውን የቆመው ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ክፍያው ከበዛብን ገንዘቡ ሳይወጣ ሰርዘን ወደ ሌላ እንሂድ። ካርድ ቢጠፋ ወይም በመኪናው ቢያዝ እንዳንቸገር ሁለት ካርድ ይዘን በተለያየ ቦታ እናስቀምጣቸው።

ሠ/ በዶላር ወይስ በአገሩ ገንዘብ ተብለን በተጠየቅን ቁጥር መልሳችን ሁልጊዜ የአገሩ ገንዘብ ይሁን። በኤቲኤም ላይ ይህ ጥያቄ «አክሰፕት ኮንቨርሽን» እና «ዲክላይን ኮንቨርሽን» በሚሉ ቃላት ይመጣል። ብዙ ሰው ዲክላይን የሚለውን ቢጫን ገንዘቡ የሚከለከል ስለሚመስለው ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም፤ የሚቀረው የመኪናው ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ እንደ ተጠየቀው ይወጣል። በሱቅም ሻጩ ሳይጠይቀን በዶላር ቢያደርገው፣ የካርዶቹ ደንብ ምርጫውን ለካርዱ ባለቤት የሰጠ ስለ ሆነ፣ ሒሳቡ ተሰርዞ በአገሩ ገንዘብ እንደ ገና እንዲሠራ ልንጠይቅ እንችላለን። የምሥጢር ቁጥራችንን ከመጫናችን በፊት በመስኮቱ ላይ የተጻፈው የየትኛው አገር ገንዘብ መሆኑን ማየት በቂ ነው።

ረ/ ከተመለስን በኋላ ደረሰኞቹን ከሒሳብ መግለጫው ጋር እናመሳክር። ያላወቅነው ክፍያ ብናገኝ ሳይዘገይ ባንኩን እንጠይቅ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ለአንዳንዱ የሳንቲም ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በምሳሌው ያየነውን እናስታውስ። ጥሬ ገንዘብን በአንድ ጊዜ በማውጣትና በአምስት ጊዜ በማውጣት መካከል ያለው ልዩነት 37 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። ይህ ለአንድ ተማሪ የብዙ ቀን ምግብ ነው፤ በአገር ቤት ላለ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ደግሞ ደብተርና መጽሐፍ ነው። ልዩነቱን ያመጣውም ሀብት ሳይሆን ማወቅና አለማወቅ ነው።

የማያውቀው ሰው ለሚያውቀው ሰው ይከፍላል። ክፍያ የሌለበትን ካርድ ውል አንብቦ የያዘውና ዲክላይን የሚለውን ያለ ፍርሃት የሚጫነው ብዙ የተጓዘው ሰው ነው፤ ክፍያውን ሁሉ የሚሸከመው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር የተሻገረው ነው። እንግዲህ ይህን ያወቅን ሁሉ ገና ለሚመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዕውቀቱን በነፃ ማስተላለፍ ይገባናል። በሚቀጥለው መስከረም ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ስንገናኝ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ትምህርት ምዝገባ ከምንነግራቸው ጋር ይህንንም አብረን እንንገራቸው።